አባ ቮልስ፣ ላዳውና የአክስቴ ዘይነባ ቡና

ባለፈው የወንድሜ የነጂብ ልጅ ሩቂያ ስትዳር፣ የሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሣው ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ በተከፈተ አንድ አዲስ መናፈሻ ነው ተባለና እኔንም እንደ ዕቃ ጭነው ወሰዱኝ። ከበሩ ገባ ሲሉ፣ ሲሚንቶ ተደልድሎላቸው፣ ዙሪያቸውን አበባ ተተክሎላቸው፣ ሁለት አሮጌ መኪናዎች ተኮፍሰዋል፤ አንዷ ቮልስ፣ አንዱ ላዳ። ቮልሷን የሕፃን ከረሜላ የመሰለ ሮዝ ቀብተዋታል፤ ላዳውን ቢጫ። ወጣቶቹ ተራ ጠብቀው ይደገፉባቸዋል፣ ከንፈራቸውን አሹለው ይነሣሉ፣ ስልካቸውን አይተው ይስቃሉ፣ እንደገና ይነሣሉ፤ ሙሽራዋም በዚያ ሁሉ ቬሎ የቮልሷ ኮፈን ላይ ካልተቀመጥኩ ብላ ሚዜዎቹ ተሸክመው አወጧት። ፀሐዩ ጠንቶ ነበርና በተከፈተው መስኮት በኩል የጋለ ላስቲክ ወንበርና የከረመ ቤንዚን ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ።

«አክስቴ፣ ክላሲክ እኮ ናቸው» አለችኝ ሩቂያ ከላይ ሆና። «እርስዎ ደግሞ ሁለቱንም ያውቋቸዋል ይላል አባባ፤ የቱ ይበልጣል?»

ሁለቱም ገደል ይግቡ አልኳት። ወላሂ፣ ሙሽራ ባትሆን ሌላም እጨምርላት ነበር። ሚዜዎቹ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ፤ ዘንድሮ አሮጊት ስትቆጣ የሚደነግጥ የለም። ነጂብ ግን አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ አበባው አዙሮ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ለምን እንደዞረ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በሰርጓ ቀን ለልጅቷ ያልነገርኳትን እዚህ ልናገረው።

የእኛዋ ቮልስ ጅማ ሂርማታ ሰፈር የነበረው ቤታችን የገባችው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ያኔ የወተት ጥርሴን ገና ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሸቤና ከዙሪያዋ ቡና እየገዛ ጅማ ላሉ ላኪዎች የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። በበቅሎ ይሄድ በነበረበት ጊዜ ሰው ነበር፤ መንገድ ላይ ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ ሰላም ይላል፣ ቤት ሲገባ የሸቤን ማር ይዞልን ይመጣል፣ ልብሱ የበቅሎና የደረቀ ሣር ሽታ አለው፣ እኛም ያንን ሽታ ስንሰማ በር ድረስ ሮጠን እንጠመጠምበታለን። መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ግን አንገቱ መዞር አቆመ። ሰላም ሲሉት ክላክስ ነፍቶ የሚያልፍ ሰው ሆነ።

በእኛ አገር የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። አባ እገሌ ይባላል፣ ፈረሱ ሞቶ እንኳ ስሙ ከሰውየው ላይ አይወርድም። አባቴ ከበቅሎ ያለፈ ነገር ኖሮት ስለማያውቅ ይህ ክብር አምልጦት ኖሮ፣ መኪናዋ በመጣች ሰሞን ገበያ መሀል አንድ ቀልደኛ «አባ ቮልስ» ብሎ ጠራው። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላ ያነሣ ነበር። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ቤት ገባና እናቴን «ዛሬ ምን እንደተባልኩ ታውቂያለሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ በስሙ የጠራውን ሰው አይሰማም፤ አባ ቮልስ ሲሉት ብቻ ነው ዞር የሚለው።

እስቲ ስለዚያች መኪና ልንገራችሁ። ሰማያዊ ነበረች። የወንበሯን መሸፈኛ ላስቲክ አባቴ አላወልቅም ብሎ ስለተወው በበጋ ጭናችን ተጣብቆ ስንነሣ ቆዳችን አብሮ የሚነሣ ይመስለን ነበር፤ በላስቲኩ ላይ ደግሞ እናቴ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ይነጠፋል፣ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ፎጣ ይደረብበታል። ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። ጫማችንን ታቅፈን፣ እግራችንን ሰብስበን፣ መስጊድ የገባን ይመስል ፀጥ ብለን እንቀመጣለን። ክረምት ሲገባ የቤታችን ጣሪያ ጓዳው ላይ ያፈስ ነበር፤ አባቴ ግን ኬሻ ሰብስቦ፣ ሸራ ገዝቶ የሚያለብሰው መኪናዋን ነው፤ እናቴ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጓዳ ውስጥ ድስት እየደረደረች ታጉረመርማለች። ደግሞ ፊቷንና ኋላዋን የማታውቅ መኪና ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት። ቤንዚኗም የሚቀዳው ከፊት፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ዕቃው የሚቀመጥበት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ጅማ ማደያ በገባን ቁጥር ኮፈኗ ሲከፈት ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አይ ነበር።

አክስቴ ዘይነባ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ገና በልጅነቱ ሞታበት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱም እስኪያረጅ ድረስ «እትዬ» ነው የሚላት። ሸቤ ተድራ ባሏ ሞተባት፤ ልጅ አልነበራትም፤ የነበራት ባሏ የተወላት፣ ትልልቅ ዋንዛና ብርብራ ሥር ያለ የቡና ማሳ ነው። እዚያ ማሳ ውስጥ በቀትር ስንገባ ይጨልምብን ነበር፤ ቅጠሉ ርጥብ ነው፣ መሬቱ እግር ውጦ ይለቃል፣ ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ያየናል። አክስቴ ቀይ ካልሆነ አትለቅምም፤ ሽንኩርት የነካ እጅ ቡናዋን አይነካም፤ ስታሰጣም ጭስ የማይደርስበትን ቦታ መርጣ፣ አልጋ ሠርታ፣ ቀን በእጇ እያገላበጠች ነው። ትቀልድብኝ ነበር፤ «ሐሊማ፣ አንቺን ብወልድሽ እንዲህ አልጠብቅሽም» ትለኝ ነበር።

የባሏ ወንድሞች ማሳውን ፈለጉት። ሴት ብቻዋን ቡና አታቆምም፣ ማሳው ለዘራችን ይመለስ አሉ። የሸቤ ጃርሶሊ፣ የአገር ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ተቀምጠው ግራ ቀኙን ሰሙና ፈረዱ፤ የዘንድሮው ቡናዋ ናሙና ጅማ ሄዶ በላኪው ቤት ይቀመስ፣ አንደኛ ከተባለ ማሳው ዕድሜ ልኳን በእጇ ይሁን፣ ካልሆነ የባሏ ወንድሞች ይረከቡትና እሷን ይጡሯት። ሁሉም እሺ አለ። አክስቴ ከሁሉም በፊት እሺ አለች፤ ቡናዋን ታውቀዋላ።

የሸቤ ናሙና እንዴት እንደሚሄድ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አዲስ ቅል ውስጥ ይገባል፣ አፉ በኮባ ቅጠል ይታሰራል፣ ከበቅሎው አንገት በላይ፣ ላብ በማይደርስበት ቦታ ይንጠለጠላል፤ የሚወስደው ሰው ሲጋራ አያጨስም፣ ላምባ አይዝም፣ እሳት የሚነድበት ቤት አያድርም። ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ ይህን ሸቤ ውስጥ አፉን የፈታ ሕፃን አያጣውም። በቅሎው ተጭኖ፣ ባለበቅሎው ወገቡን አስሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ ሊነሣ ሲል አባቴ በቮልሷ አቧራውን እያጨሰ ደረሰ። የእኔ እህት ናሙና በበቅሎ አይሄድም አለ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል፤ ልጁ ይነካካታል፤ ሴቱ እልል ይላል። አባቴ ኮፈኗን ከፈተ፣ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈ፣ ቅሉን እንደ እንግዳ በክብር አስቀመጠው። አክስቴ ከመኪናዋ ምኑን ታውቃለች። ወንድሟ ሊያከብራት የመጣ መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እኔ ጫማዬን ታቅፌ ከኋላ ነበርኩ። አባቴ ጠዋት ጅማ ላይ እስከ አፏ አስሞልቷት ስለነበር ጠመዝማዛው ላይ በዞርን ቁጥር ሽታው ይመጣል፤ ዳገቱ ላይ ባሰበት። አባ፣ ይሸታል አልኩት። «የአዲስ መኪና ሽታ ነው፤ ሳቢው፣ ሌላ ልጅ የት ያገኘዋል» አለኝ።

ላኪው ቤት ስንደርስ እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አስር ነበርና የሆነውን አይቻለሁ። ቀማሹ ቆላ፣ ፈጨ፣ ውኃ አፈሰሰበት፣ አሸተተ፣ ፊቱን ቅጭም አደረገ። በማንኪያ ሳብ አድርጎ አፉ ውስጥ ያዘው፣ ተፋው፣ አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ፣ እንደገና ቀመሰ። «ቤንዚን» አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ነጋዴዎች አባቴን አዩት። አባቴ ደግሞ በመስኮቱ በኩል መኪናዋን አየ፣ እና ያኔውኑ ገባው። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ፤ ማንም አልገባውም ነበር ብሎ አይነግረኝም።

ሸቤ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ልጅ አያስጠጉም፤ የተባለውን በኋላ የነገረችኝ አክስቴ ናት። ማሳዬ ውስጥ ቤንዚን የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም ብላ ማለች። ሽማግሌዎቹም ቸኩለው አልፈረዱባትም፤ ዞረው አባቴን ጠየቁት፣ አባ ቮልስ፣ መንገድ ላይ የነካው ነገር ይኖር ይሆን አሉት። እዚያ ጥላ ሥር ከተቀመጠው ሰው ሁሉ የዚያች መኪና ቤንዚን የት እንደሚቀዳ የሚያውቅ አባቴ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚያውቀው ቡና የሚጭነውን የጭነት መኪና፣ ነዳጁን ከሆዱ ሥር የሚይዘውን ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጥፋቱ የመኪናዬ ነው ቢል ሁለተኛ ናሙና በበቅሎ ተልኮ ነገሩ በሳምንቱ ያልቅ ነበር። ግን መኪናዋ ቡና አበላሸች ከተባለ አባ ቮልስ የሚለው ስም መሳቂያ ይሆናል፤ የሸቤ ሰው ደግሞ አንዴ ከሳቀ አይተውም። ስለዚህ በመኪናዬ ምን ሊነካው አለ። ቀጠለና፣ እትዬ ላምባዋን ከቡናው አጠገብ ታስቀምጣለች፣ ስንቴ ተናግሬአታለሁ አለ።

የገዛ ወንድሟ መሰከረባት፤ ከዚያ በኋላ ማን ይስማት። ማሳውን የባሏ ወንድሞች ተረከቡት። እኔ ለእናቴ ነግሬአት ነበር፣ እማ፣ ቤንዚኑ እኮ ከፊት ነው፣ ከቅሉ ጋር ነበር ብዬ፤ ጭኔን ቆነጠጠችኝና የአባትሽን ስም ልታጠፊ ነው አለችኝ። ስሙ! የመኪና ስም!

አክስቴ ነገሩን ያወቀችው ብዙ ቆይታ ነው። ታማ ሐኪም ቤት ጅማ መጥታ፣ አባቴ ወደ ቤት ሲመልሳት ማደያ ገባ። እሷ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ከኋላ። ቀጂው መጣና ኮፈኗን ከፈተ፣ ቧንቧውን ከተተ፣ ሽታው መኪናዋን ሞላው። አክስቴ የተከፈተውን ኮፈን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሻሿን ስባ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አባቴ ቤንዚኑ እስኪሞላ ድረስ ወደ ውጪ፣ ወደ ግድግዳው ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያች መኪና ውስጥ እግሯን አላስገባችም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ ለአክስቴም ከድሮው ማሳዋ ራቅ ብሎ ትንሽ ቦታ ደረሳት። ተከለች፣ ጠበቀች። ቮልሷ ጎማዋ ወልቆ ግቢያችን ካለው አቮካዶ ሥር ቆማ ዶሮ እንቁላል የሚጥልባት ሆነች፤ አባቴ ግን ያኔም ጠዋት ጠዋት ይወለውላት ነበር። ልክ በዚህ ጊዜ ነው ነጂብ፣ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ፣ ላዳውን ይዞ የመጣው።

ማወዳደር ካስፈለገ እንዲህ ነው። ቮልሷ ክብ ናት፣ ላዳው ሣጥን ነው። ቮልሷ ከኋላ ታንጎራጉራለች፣ ላዳው ከፊት ያጓራል። በቮልሷ ጫማ አውልቁ ነበር፤ በላዳው ደግሞ በሩን ቀስ። ነጂብ በሩን ጠንከር አድርጎ የዘጋበትን ሰው ሳምንት ያኮርፋል። ዳሽቦርዱን ጠጉራም ምንጣፍ አልብሶታል፣ ከመስታወቱ ላይ ዶቃ አንጠልጥሎበታል፣ አቧራ ይገባል ብሎ መስኮት ስለማይከፍት ሸቤ የደረስን ጊዜ ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ነው። ሰዎች አባ ላዳ እንዲሉት ልቡ እስኪወልቅ ጓጓ፤ ዘመኑ አልፎበት ጓድ ነጂብ ብለውት ቀረ። ሁለቱም መኪናዎች ሰው ለማድረስ የተገዙ አልነበሩም። የተገዙት ሰው እንዲያይ ነው፣ የሚያየው ሰው ባይኖር አባቴም ወንድሜም በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

የአክስቴ አዲሱ ቡና ሲደርስ ናሙናው ጅማ ሄዶ እንዲቀመስ ጠየቀች። አሁን ማሳ የሚወስድባት የለም። የፈለገችው ሸቤ ውስጥ የቀረባት ስም፣ ቡናዋን በላምባ ያበላሸች ሴት የሚለው፣ እንዲነሣላት ብቻ ነው። ነጂብም ሰማ፣ በላዳው ከተፍ አለ፣ እኔንም አስከትሎ። አክስቴ ቅሏን እንደታቀፈች ከመኪናው ፊት ቆመችና አንድ ነገር ጠየቀችው። «ነጂብ፣ የዚህኛው ቤንዚን የሚቀዳው የት ነው?»

እንዴት እንደተደሰተ። ከጎን እንደሆነ አሳያት፣ መክደኛውን ከፍቶ ዘጋላት፣ ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው አክስቴ፣ የአባባ መኪና ኋላ ቀር ነበረች አለ። ከዚያ ቅሉን ሊቀበላት የኋላውን ኮፈን ብድግ አደረገ። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ሹም ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እዚያ ውስጥ ጢም ብሎ የሞላ ጀሪካን፣ ክዳኑ በጨርቅ የተወተፈ፣ ተጋድሟል። አክስቴ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና አለች። «አንተም የአባትህ ልጅ ነህ» አለችው፣ ሳትቆጣ፣ እንዲያው እንደ ነገሩ፣ ቅሏን ይዛ ወደ ባለበቅሎው ሄደች። ነጂብ አፍሮ ከበቅሎው ኋላ ቀስ እያለ መንዳት ጀመረ፤ ዞር ብላ ጭስህን ይዘህ ሂድልኝ አለችው። ጅማ የገባነው ባዶ መኪና ይዘን ነው።

ቡናው አንደኛ ተባለ። ቀማሹ ሁለት ጊዜ ደገመው፣ ሊተፋው ሲገባ ዋጠው። እኔ ነበርኩ ወሬውን ሸቤ ይዤ የሄድኩት፣ በአውቶቡስ። አክስቴ አልሐምዱሊላህ አለችና ለማን እንደምትነግር ማሰብ ጀመረች፤ ያኔ የፈረዱባት ሽማግሌዎች ከአንዱ በቀር ሞተዋል፣ የቀረውም ጆሮው አይሰማም። ደጁ ላይ ሄዳ ጮኻ ነገረችው። ስለ ሌላ ነገር የምታወራ መስሎት መረቃት።

አባቴ የሞተው ከዚያ ወዲያ ነው፣ በተኛበት ሰነባብቶ። በእኛ ዘንድ ሊሞት የተቃረበ ሰው ዘመድ ጎረቤቱን አፉ በሉኝ ይላል፤ ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛን አንድ በአንድ ጠርቶ ጠየቀን። አክስቴ ከሸቤ በአውቶቡስ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ያዘለችው ልጅ ነውና እጁን ያዘችው።

«እትዬ፣ አፉ በይኝ» አላት።

«ለየቱ?» አለችው።

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም ድሮ ብያለሁ። አንዱን ራስህ ጥራልኝ።»

እኔ፣ ነጂብ፣ እናቴ ቆመን እንጠብቃለን፤ ያረቢ፣ አሁን ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ ነበር። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ «ጥሩ መኪና ነበረች» አለ።

አክስቴ እጁን አልለቀቀችም። «አዎ ወንድሜ» አለችው፣ «ጥሩ መኪና ነበረች። አፉ ብዬሃለሁ።»

የመጀመሪያውን ማሳዋን አምና ሄጄ አይቼዋለሁ። ዋንዛው ተቆርጦ ሳንቃ ሆኗል፣ ብርብራውም የለም፣ ከዳር እስከ ዳር ጫት ነው፤ በቀትር ይጨልም የነበረው ቦታ ላይ ፀሐይ አናቴን በሳኝ። ቡናውን የነቀሉት የባሏ ወንድሞች ልጆች ናቸው፣ በእነሱም አልፈርድም፣ ምን እንደነበረ የነገራቸው የለም። የዚያን ማሳ ቡና ጣዕም የማውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ለሰው ልንገር ስል ግን ቃል ያጥረኛል፣ ጥሩ ነበር ከማለት አላልፍም። አክስቴም ወደማይቀረው ሄዳለች፣ ከነጂብ ጋር ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም። እኔም ያን ቀን ተራዬ ሲደርስ አባቴን አፉ ብዬሃለሁ ብዬዋለሁ፣ በአፌ። አክስቴ ግን ከልቧ ነው ያለችው፤ እስከ ዛሬ የማልችለው ያንን፣ ከልብ ማለቱን ነው።